«ምንም አልከፍልም» ያለ ገበሬ ለተራራው ግድ የለውም ማለት አይደለም

ዋልያ ገበያ አይወጣም፤ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። እኛ የአካባቢ ኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ዋጋውን ለመገመት ሰዉን ራሱን እንጠይቃለን፦ «የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንዲጠበቅ በዓመት ይህን ያህል ብር ይከፍላሉ?» ለአንዱ ቤተሰብ ትንሽ፣ ለሌላው ከፍ ያለ መጠን በዕጣ ይደርሰዋል። መጠኑ ሲጨምር «አዎ» የሚሉት እንዴት እንደሚቀንሱ አይተን ሰው ለመክፈል የሚፈቅደውን አማካይ መጠን እናሰላለን። በኬኔት አሮው እና በሮበርት ሶሎው የተመራው የአሜሪካ የባለሙያዎች ቡድንም በ1993 እ.ኤ.አ. የመከረው እንዲህ ያለውን «አዎ ወይም አይ» የሚባልበት ጥያቄ ነው።

ደባርቅና ዳባት ገጠር ላይ ግን ብር ብቻ መጠየቅ ያሳስታል። ገብሱ ጎተራ ውስጥ፣ በጎቹ ግጦሽ ላይ ናቸው፤ ገበሬው እጅ ላይ ጥሬ ገንዘብ የለም። «ምንም አልከፍልም» ይላል። «በጥር ስንት ቀን እርከን ይሠራሉ?» ስትሉት ግን ጣቱን አጥፎ ይቆጥርላችኋል። ያ ጉልበት ክፍያ ነው። ወደ ብር ስትመነዝሩት የዚያኑ ወቅት የቀን ሠራተኛ ዋጋ ተጠቀሙ።

ሌላም አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ መንደር ተነሥተው ደባርቅ ለሰፈሩት ትክክለኛው ጥያቄ «ስንት ትከፍላላችሁ?» ሳይሆን «ለለቀቃችሁት መሬት ስንት ይበቃችኋል?» ነው። የሁለተኛው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከፊተኛው በብዙ ይበልጣል።

ጥናት የምታዘጋጁ ተማሪዎች፣ አደራ፦ መጠይቃችሁ ላይ የጉልበት ቀን ጨምሩ፤ «አልከፍልም» ያለውንም «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት።