ቪዲዮ ቤቱ በምን ይተዳደራል?

ሰሞኑን በካምፓችን ብዙ ያነጋገረ ጉዳይ ቢኖር የቪዲዮ ቤት መግቢያ ዋጋ መጨመር ነው። ወጣቶቹ «ባለቤቱ በእኛ ሊከብር ነው» ይላሉ። ባለቤቱ በበኩሉ «እንኳን ልከብር፣ ልዘጋው ነው» ይላል። እኛም የማን እውነት እንደሆነ ለማጣራት አንድ ምሽት ራኩባው በር ላይ ቁጭ ብለን የሚገባውንና የሚወጣውን ቆጠርን።

መጀመሪያ የተረዳነው ነገር ወጪው የሰው ቁጥር እንደማያይ ነው። ጄኔሬተሩ 10 ሰውም ገባ 60 ሰው፣ የሚጠጣው ነዳጅ ያው ነው። ለምሳሌ ያህል የአንድ ምሽት ነዳጅ የ20 ሰው መግቢያ ይፈጃል እንበል። ለዲሽ ካርድ፣ ለጥገናና ለበረኛው ደግሞ የ10 ሰው። እንግዲህ 30ኛው ሰው እስኪገባ ድረስ ባለቤቱ የሚሠራው ለሌላ ሰው ነው። ትርፍ የሚጀምረው ከ31ኛው ነው። 25 ሰው ብቻ ከመጣ ከኪሱ ከፍሎ አሳየ ማለት ነው። ስኳር ወይም ሳሙና ዛሬ ባይሸጥ ነገ ይሸጣል። ዛሬ ባዶ ያደረ አግዳሚ ወንበር ግን አለቀለት።

እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ነዳጅ ተወዷል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። የሰው ኪስ ደሞ ወቅት አለው። በገዳሪፍ ሰሊጥና ማሽላ በሚታጨድበት ጊዜ የቀን ሥራ ውሎ የሚመጣው ሰው ገንዘብ ይይዛል፣ ቪዲዮ ቤቱም ይሞላል። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ይሆናል፣ ራኩባው ያፈሳል፣ ሰውም ከድንኳኑ አይወጣም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ ታላቅ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ብዙ ሲኒማ ቤቶችን ከመዘጋት ያዳናቸው ፈንዲሻ ነው። የመግቢያውን ገንዘብ ሲኒማ ቤቱ ከፊልሙ ባለቤት ጋር ይካፈላል፤ የፈንዲሻው ትርፍ ግን ለራሱ ይቀራል። አዲስ አበባም ውስጥ የአማርኛ ፊልም ሲታይ ሲኒማ ቤቱና የፊልሙ ባለቤት የበሩን ገቢ ይካፈላሉ። የእኛው ቪዲዮ ቤት ፊልሙን ከፍላሽ ስለሚያሳይ ለፊልሙ ባለቤት የሚከፍለው የለም። እንዲያም ሆኖ አልተረፈውም።

የምንኖርባት ሱዳንም ብዙ ሲኒማ ቤቶች ነበሯት። እ.ኤ.አ. በ1970 የኒሜሪ መንግሥት ወረሳቸው፤ ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ደግሞ አብዛኞቹ ተዘጉ። አራት አዛውንት የፊልም ባለሙያዎች ኦምዱርማን ውስጥ ጣሪያ የሌለውን አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት እንደገና ለመክፈት ሲሞክሩ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም አለ። «ስለ ዛፎች ማውራት» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ተሸልሟል። ሽማግሌዎቹ ግቢውን ጠረጉ፣ ሰውን ምን ማየት እንደሚፈልግ ጠየቁ፣ ፈቃድ ግን አላገኙም። አንዴ የተዘጋን ቤት መልሶ መክፈት እንዲህ ከባድ ነው።

ወደ ራኩባችን እንመለስ። በቆጠርንበት ምሽት የባለቤቱ ፊት የተፈታው ፊልሙ ሲጀመር አልነበረም፤ ስልክ ቻርጅ ሊያደርጉ የመጡት ሲበዙ ነው። ጄኔሬተሩ አንዴ ከተነሳ እያንዳንዱ ስልክ የሚጨምረው ወጪ ኢምንት ነው። ሻይውም እንደዚያው ነው። ለካ የእኛ ፈንዲሻ ይሄ ነው!

እኛ መምህራን ግን ሌላም ነገር አይተናል። ከቤት ራሽን አንድ ጣሳ ማሽላ ደብቆ እየሸጠ መግቢያ የሚከፍል ተማሪ አለ። ዋጋው ሲጨምር ጣሳው ሁለት ይሆናል። ያ ማሽላ የታናናሾቹ እራት ነው። በማግስቱ ደግሞ ልጁ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል።

ስለዚህ ባለቤቱን አንድ ነገር ጠየቅነው። ጄኔሬተሩ ለስልክ ሲባል ፀሐይ ሳትጠልቅ ይነሳል፤ በዚያች ሰዓት አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። ልጆች በዚያች ሰዓት በነፃ አይተው ሳይመሽ ወደ ቤት ይሂዱ። ጭማሪው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ባለበት ምሽት ብቻ ይሁን፤ ያን ቀን ቤቱ መሙላቱ አይቀርም። በሌላው ቀን የድሮው ዋጋ ይቆይ። ባለቤቱ ትንሽ አሰበና «አንድ ወር ልሞክረው» አለን።

ውድ አንባቢያን፣ የቀረው የእኛው ድርሻ ነው። ስልካችንን እዚያ ቻርጅ እናድርግ፣ ሻያችንን እዚያ እንጠጣ። ወላጆችም የማሽላውን ጆንያ አፍ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ከወር በኋላ ተመልሰን በሩ ላይ እንቀመጥና እንቆጥራለን፤ ያገኘነውንም እዚሁ ገጽ ላይ እንነግራችኋለን።

ቸር እንሰንብት።