ኤድስን ስለ መከላከል ለኢስትሊ ወጣቶች ምን እናስተምር?

ኢስትሊ ከናይሮቢ መኻል ከተማ በስተምሥራቅ የሚገኝ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ኤርትራዊውና ኬንያዊው ጎን ለጎን የሚኖርበትና የሚነግድበት ሰፈር ነው። በተለይም እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ብዙ ቤተሰቦች ሠፍረውበታል። ልጆቻቸው በትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ስዋሂሊ፣ በቤት ደግሞ የወላጆቻቸውን ቋንቋ ይናገራሉ። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣውም ከዚሁ የሚመነጭ አንድ ችግር ነው፤ ይኸውም ስለ ኤድስ የሚሰጠው ትምህርት በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ወድቆ ወጣቱን ሳይደርሰው መቅረቱ ነው።

እንደሚታወቀው ኤድስ በሕክምና ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ኬንያ ውስጥ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በ1984 ታወቀ። በኢትዮጵያም የቫይረሱ መኖር በዚያው ዓመት፣ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ደግሞ በ1986 ተረጋገጡ። ይሁን እንጂ የኬንያ መንግሥት ኤድስን ብሔራዊ አደጋ ብሎ ያወጀው በ1999 ነበር። በመካከሉ 15 ዓመት አለፈ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለአገርም ይሠራል ማለት ነው።

ዝምታው ሲሰበር ምን እንደሚገኝ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከኢስትሊ አጠገብ ባለው በፑምዋኒ ሰፈር የናይሮቢና የካናዳው የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደሩ ሴቶችን ጤና ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲከታተሉ ቆይተዋል። ነርሷ ኤልዛቤት ንጉጊና ባልደረቦቻቸው ሴቶቹን እየሰበሰቡ ስለ በሽታውና ስለ ኮንዶም አስተማሩ። ውጤቱ በ1988 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ፤ ከትምህርቱ በኋላ የኮንዶም ተጠቃሚው ቁጥር መጨመሩን፣ የተጠቀሙትም ሴቶች በቫይረሱ የመያዝ ዕድላቸው መቀነሱን አሳየ። እነዚህ ሴቶች ድሆች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ብዙ ትምህርት ያልቀሰሙ ነበሩ። እነርሱ የተማሩትን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መማር አያቅተውም።

ቫይረሱ የሚተላለፈው ጥንቃቄ በጎደለው ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በተበከለ ደምና መርፌ፣ እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ ነው። በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት ወይም በትንኝ ንክሻ አይተላለፍም። የያዘው ሰው ለብዙ ዓመታት ምንም ምልክት ላያሳይ ስለሚችል «መልኳ ጤነኛ ነው፤ ጎረምሳው ወፍራም ነው» ብሎ መመዘን ከንቱ ነው። ከግንኙነት መታቀብ ከሁሉ ይልቅ አስተማማኝ ነው። ግንኙነት ያለው ሰው ግን በሚገባ የማያውቀው ነገር አያድነውም። ኮንዶም ዘወትር ከተጠቀሙበት በቫይረሱ የመያዝን ዕድል 80 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

አጠቃቀሙም ቀላል ነው። አስቀድሞ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ጊዜ አለማለፉን ማየት፣ በጥርስ ወይም በመቀስ ሳይሆን በእጅ መክፈት፣ ጫፉን ይዞ አየሩን በማስወጣት ከማንኛውም ንክኪ በፊት ማጥለቅ ያስፈልጋል። ቫዝሊን፣ የጸጉር ቅባትና ቅቤ ጎማውን ስለሚያላሉት አይቀቡም፤ የሚቀባው ውሃ ነክ ማለስለሻ ነው። ሁለት ደርቦ መልበስ እርስ በርስ በመፋተግ ለመቀደድ ያጋልጣል። አንድ ኮንዶም የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቢቀደድ ደግሞ ሳይዘገዩ፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል፤ በዚያ ጊዜ የሚጀመር ተከላካይ መድኃኒት አለና።

የኢስትሊን ወጣት ከዚህ ዕውቀት የሚያርቁት ምንድን ናቸው? አንደኛ፣ በቤቱ ቋንቋ ስለ ግብረ ሥጋ መናገር ነውር ሆኖ አድጓል። ሁለተኛ፣ በሕክምና ቦታ አስተርጓሚ ሲያስፈልግ አስተርጓሚው የአባቱ ወዳጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ምሥጢሩ በዚያው ምሽት ቡና ላይ እንዳይወራ ይሠጋል። ሦስተኛ፣ የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ብዙ የኢስትሊ ነዋሪዎች ተይዘው ወደ ካሳራኒ ስታዲዮም መወሰዳቸውን ያስታወሰ ወጣት መታወቂያ ወደሚጠይቅ ቢሮ ለመግባት ቢያመነታ አይደንቅም።

እኛ መምህራን የወረቀቱን ችግር ልናስወግድ አንችልም። ዝምታውን ግን ልናቀለው እንችላለን። ተማሪዎች ስማቸውን ሳይጽፉ ጥያቄያቸውን የሚከቱበት ሣጥን በክፍል ቢቀመጥ፣ መምህሩም በሳምንት አንድ ጊዜ እያወጣ ቢመልስ ብዙ ያፈረ አፍ ይፈታል። ቃላቱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አስቀድሞ አስተካክሎ መያዝ ደግሞ መምህሩን ራሱን ከመደናገር ያድነዋል። ወንዱ ልጅ «ኮንዶም ይዛ ከተገኘች ባለጌ ናት» ማለቱን እንዲተው፣ ልጃገረዷም «ያለ ኮንዶም እምቢ» ማለት መብቷ መሆኑን እንድታውቅ አብረው ቢማሩ ይመረጣል። ወላጆች ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ጠርቶ በአክብሮት ማስረዳት እንጂ መሸሽ መፍትሔ አይሆንም።

ለተማሪዎቻችን ደግሞ የምንለው ይህ ነው፦ መመርመር ፍርድ መቀበል አይደለም። ቫይረሱ የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን በየዕለቱ ከወሰደ ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ ቫይረሱም በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ከወረደ በግብረ ሥጋ ለሌላ አያስተላልፍም። ስለዚህ ማወቅ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። የሚያስፈራው ሳያውቁ መቆየት ነው።