የሕዝብ ዕድገትና የምርጫ ክልሎች አከላለል

የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 ወንበሮች አሉት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የአባላቱ ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ቢያንስ 20 ወንበሮችንም አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ይጠብቃል። ጣሪያው እንዲህ ቅርብ በመሆኑ ሕዝብ የበዛበት አካባቢ ተጨማሪ ወንበር የሚያገኘው ከሌላው ተቀንሶ ነው ማለት ይቻላል። ድርሻን የሚወስነውም መጨመር ብቻ ሳይሆን ከሌሎች ፈጥኖ መጨመር ነው። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በነበሩት አሥር ዓመታት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ብትጨምርም፣ ዕድገቷ ከአገሪቱ አማካይ ስላነሰ በተወካዮች ምክር ቤት የነበሯት 53 ወንበሮች ወደ 52 ወርደዋል።

በኢትዮጵያ አንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል፤ በውጤቱም ላይ ተመሥርቶ ምርጫ ቦርድ የሚያቀርበውን የምርጫ ክልሎች አከላለል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። ሦስተኛው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው ደጋግሞ ሲገፋ ቆይቶ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በጸጥታና በመፈናቀል ምክንያት እንደገና አራዝመውታል።

በሕዝብና በወንበር ቁጥር መካከል ያለው ክፍተት ግን በሦስተኛው ቆጠራ አኀዝ ላይም ጎልቶ ይታያል። አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን፣ የሶማሌ ክልል 4.4 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተቆጥሮባቸው ሳለ ሁለቱም 23 ወንበር ነበራቸው። በመዲናዋ አንድ ወንበር ለ119 ሺህ ሰው ገደማ ሲደርስ በሶማሌ ክልል ግን ከ190 ሺህ ለሚበልጥ ሰው ነው። ይህን ያህል የድምፅ ክብደት ልዩነት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

አንድ ከተማ ውስጥም ሕዝብ ቦታ ይለዋውጣል። በአዲስ አበባ በመልሶ ማልማት ከመሐል ከተማ የተነሱ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ጀሞ፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች ገብተዋል። አስተዳደሩ ይህን ተከትሎ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ የተባለ ክፍለ ከተማ ቢያቋቁምም፣ በዚያው ዓመት በተካሄደው ምርጫ ከተማዋ የነበሯት የምክር ቤት ወንበሮች 23 እንደሆኑ ቀርተዋል።

የምርጫ ክልልን ወሰን መንካት በማንነትና በአስተዳደር ወሰን ጥያቄዎች የተነሳ ስሱ ጉዳይ ነው። ሆኖም አዲስ ቆጠራ እስካልተካሄደ ድረስ ቦርዱ ለሚያቀርበው አከላለል ሕገ መንግሥቱ የሚጠይቀው መነሻ አኀዝ አይኖረውም፤ ቆጠራው ከማንኛውም የወሰን ክርክር መቅደም አለበት።