ጣና ላይ ዜሮዋን የምትስት መርፌ

ባሕር ዳር ውስጥ ጎማ የማስነፋበት ጎሚስታ ኮምፕረሰሩ ላይ የተገጠመውን ጌጅ ሳያንኳኳ አያነብም። መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ከቁጥሮቹ ግማሾቹ በግሪስ ተሸፍነዋል። አንድ ቀን ባለባትሪ መለኪያ ይዤ ሄድኩና ተራ በተራ ሞከርናቸው። የእሱ መርፌ 30 ስትል የእኔው 33.5 አለ። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ የእኔዋ ስትደክም ታስታውቃለች፤ መርፌዋ ተኝታ ያገኟታል። የእርስዎ ግን ሲሳሳትም ከነነጥቡ ነው» አለኝ።

ይህ ክርክር በየባሕሩ ሲሊንደር አዝለው በሚጠልቁ ሰዎች መካከል ከ40 ዓመት በላይ የቆየ ነው። እነሱ ዘንድ ግን የሚለካው ጎማ ሳይሆን የሚተነፍሱት አየርና ያሉበት ጥልቀት ነው። ጉዳዩን ወደ ጣና ስናመጣው ደግሞ ባሕር ላይ የሌለ ጣጣ ይገጥመናል።

አስቀድሞ መርፌዋን እናስተዋውቅ። ከየብየዳ ቤቱ የኦክስጅን ሲሊንደር ራስ ላይ የምትታየው፣ ክብ ሰዓት የምትመስለው ጌጅ የጠላቂውም ጌጅ እናት ናት። ውስጧ ጠፍጠፍ ብሎ እንደ ማጭድ የጎበጠ የብረት ቱቦ አለ። ግፊት ሲገባበት ቱቦው ሊቃና ይሞክራል፤ ጫፉ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ጥቃቅን ጥርሶች ያንን እንቅስቃሴ አባዝተው መርፌዋን ያዞራሉ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1849 ያስመዘገበው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ቡርዶን ነው፤ ቱቦውም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ባትሪ የለውም፣ የሚበራ የለውም፣ የሚጠፋም የለውም። ጠላቂው ከሲሊንደሩ በቀጭን ጎማ ተስቦ እጁ ላይ የሚደርስ አንድ እንዲህ ያለ ጌጅ ይይዛል፤ ሲሊንደሩ ሲሞላ 200 ባር ያህል ያሳያል፤ ይህም ከአንድ የቤት መኪና ጎማ ወደ መቶ እጥፍ የሚጠጋ ግፊት ነው። ቀድሞ ለጥልቀቱም ሌላ መርፌ፣ ለጊዜው የእጅ ሰዓት፣ ለስሌቱ ደግሞ የታተመ ሠንጠረዥ ይይዝ ነበር።

ሠንጠረዡ ለምን አስፈለገ? ውኃ ውስጥ በግፊት ከምንተነፍሰው አየር ናይትሮጅኑ በደማችንና በሥጋችን ይሟሟል። ቀስ ብለን ከወጣን በትንፋሽ ይወጣል፤ ከተቻኮልን ግን ቆርኪው ድንገት እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሆናል፤ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ ሲከፋ ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። የብሪታንያው ሳይንቲስት ሃልዴን ከባልደረቦቹ ጋር የመጀመሪያዎቹን አስተማማኝ ሠንጠረዦች ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 «ኤጅ» የተባለው የጠላቂ ኮምፒውተር ገበያ ላይ ሲውል ሠንጠረዡን፣ ሰዓቱንና የጥልቀት መርፌውን አንድ ላይ ጠቀለላቸው። የዛሬዎቹ እንደ እጅ ሰዓት የሚታሰሩ ናቸው፤ በየጥቂት ሰከንዱ ጥልቀቱን ለክተው «ስንት ደቂቃ ይቀርሃል» የሚለውን ያሰላሉ። አንዳንዶቹ የሲሊንደሩንም አየር ያለ ቱቦ፣ በሬዲዮ ሞገድ ያነባሉ።

በባሕር ዳርቻ አገር ከሆነ ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ኮምፒውተሩን ታስራለህ፣ መርፌዋን ለመጠባበቂያ ትይዛለህ።

ጣና ግን ባሕር ጠለል ላይ አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ከላያችን ያለው አየር ስስ ነው፤ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ወደ አራት አምስተኛ ይወርዳል። ጎሚስታችንን ይህ አያሳስበውም፤ የእሱ ጌጅ ዜሮ የሚለው በዙሪያው ያለውን አየር ነው፣ ባሕር ዳር ቢሆን ባሕር ዳርን፣ ጂቡቲም ቢሆን ጂቡቲን። የተለመደችው የጥልቀት መርፌ ግን በባሕር ጠለል አየር ዜሮ ሆና የታሸገች ናት። ጣና ዳር ቆመው ቢያዩዋት ከዜሮ በታች ተቀምጣለች። የጎደላትን የአየር ግፊት ውኃው እስኪሞላላት ድረስ አትነቃነቅም፤ ያ ደግሞ ሁለት ሜትር ያህል ውኃ ይፈልጋል። ጠላቂው ራሱ ተውጦ፣ ከበላዩ አንድ ቁመተ ረጅም ሰው የሚያሰጥም ውኃ ተቆልሎ፣ መርፌዋ «ገና አልጠለቅህም» ትለዋለች።

የጣና ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ወለል ላይ ሦስት መለኪያ ይዞ የተቀመጠ ሰው እናስብ። የታሸገችው መርፌ 12 እንኳ ሳትሞላ ትቆማለች። ሁለተኛው፣ አንድ ጫፉ የተደፈነ ስስ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ውስጡ የታፈነውን አየር ውኃው ሲጨምቀው የውኃው ጫፍ የደረሰበት ቁጥር ይነበባል። ይህ ከሁሉም የረከሰው መለኪያ ወደ 17 ይላል። ኮምፒውተሩ ደግሞ፣ ከመግባታችን በፊት በርቶ የአካባቢውን አየር ለክቶ ከሆነ፣ 14 ይላል። ለጨው ውኃ እንደተስተካከለ ከተተወ ግን የጣና ውኃ ቀለል ስለሚል ሠላሳ አርባ ሳንቲ ሜትር ያጎድላል።

የሚገርመው ቱቦው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በሜትር ቢቆጠር ስህተት ነው፤ ለሰውነት ግን እውነቱን የሚናገር እሱ ነው። ከጣና 14 ሜትር ተነስቶ ወደ ስሱ አየር መውጣት፣ የግፊቱ ቅናሽ በእጥፍ ሲሰላ፣ ከባሕር 17 ሜትር እንደ መውጣት ነው። በባሕር የተሰራ ሠንጠረዥ ይዞ ጣና የሚገባ ሰው ማንበብ ያለበት በ17 ሜትር መስመር ነው። ያችን የታሸገች መርፌ ያመነ ግን በ12 ያነባል፤ ያልተሰጠውን ደቂቃ ይወስዳል። ዜሮዋን በብሎን የምታስተካክል መርፌ አለች፤ የጣና ጠላቂ የግድ መርፌ ካለ እሷን ይፈልግ።

የሐይቁ ራሱ ከፍታ የሚለካበትም መንገድ ይኸው ጣጣ አለበት። ሜትርና ሳንቲ ሜትር የተቀባበት ሰሌዳ ውኃ ውስጥ ይተከላል፤ አንባቢው ጠዋትና ማታ ሄዶ ውኃው የደረሰበትን ቁጥር ይጽፋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ሰሌዳው ላይ ወጣ ገባ ይላል፤ አንባቢው መካከሉን በዓይኑ ይገምታል። ዘመናዊው አማራጭ ውኃ ውስጥ የሚንጠለጠል ኤሌክትሮኒክ ግፊት ለኪ ነው፤ ከጠላቂው ኮምፒውተር ጋር አንድ ዘር ነው። በየሩብ ሰዓቱ ይመዘግባል፣ አይታመምም፣ ለቅሶ አይሄድም። ነገር ግን የውኃውን ክብደት ብቻ ሳይሆን ከውኃው በላይ ያለውን አየርም አብሮ ይመዝናል። በእኛ ዓይነት ሞቃት አካባቢ የአየሩ ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ያ ካልተቀነሰለት ሐይቁ በየቀኑ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል የሚተነፍስ ይመስለዋል። ሦስት ሳንቲ ሜትር ምን ያህል ነው? የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ማለት ነው። በሦስት ብታባዙት በወረቀት ላይ ብቻ የሚመጣና የሚሄድ 90 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል።

ይህ ቁጥር ለሒሳብ ጨዋታ ብቻ የሚሆን አይደለም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ እ.ኤ.አ. በ1996 ተቆጣጣሪ ግድብ ተሠርቷል፣ በ2001 በሮች ተጨምረውለታል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫም 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅሙ የተመሠረተው በዚሁ ሐይቅ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የሐይቁ ከፍታ መርከቦች ለመንቀሳቀስ ከሚያስፈልጋቸው 1,784.75 ሜትር በታች ወርዶ ለወራት ሥራ አቁመዋል። ከሰማይም ሳተላይቶች የጣናን ከፍታ በራዳር ይለካሉ። ሳተላይቱ ልክ መሆኑ የሚፈተነው ግን ከዚያችው ቀለም ከተቀባች ሰሌዳ ጋር እየተስተያየ ነው፤ ግፊት ለኪውም ሲተከል ዜሮውን የሚዋሰው ከእሷ ነው። እኔ ሐይቁን በሚመለከት ሰሌዳዋን ከማንም በፊት አምናለሁ። ብትጎድፍ ትታያለች፣ ብትዘም ታስታውቃለች።

ውኃው ውስጥ ስገባ ግን የምናገረው ይገለበጣል። ለጥልቀት፣ ጣና ላይ፣ ኮምፒውተሩ ይበልጣል፤ ውኃውን ከመርገጤ በፊት አብርቼ ከፍታውንና ጨው አልባ ውኃ መሆኑን እንዳወቀ አያለሁ። ለአየር ደግሞ መርፌዋን አልለቅም። ጥልቀት ላይ ሁለት ሜትር ያሳሳታት የአየር መሳሳት 200 ባር ሲሊንደር ላይ 0.2 ባር ብቻ ነው፤ የመርፌዋ ውፍረት ይበልጠዋል። ሬዲዮው ሲቋረጥና ባትሪው ሲሞት ደግሞ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ መነጽሬ ላይ አስጠግቼ የማነባት እሷን ነው። ጎሚስታው እዚህ ላይ ረትቶኛል።

ከውኃው ከወጡ በኋላ የሚመጣውን ግን መርፌዋ አታውቀውም፤ ኮምፒውተሩም የሚያውቀው እጅ ላይ ታስሮ ከቆየ ነው። ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታዋ ግን 2,700 ሜትር ይደርሳል። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እንኳ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ብዙም እንዳይሳሳ ተደርጎ ነው የሚያዘው። የጠላቂ ማሠልጠኛዎች አንዴ ጠልቆ የወጣ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ 18 ሰዓት ሳይሞላው እንዳይበር ይመክራሉ። ደብረ ታቦር በመኪና መውጣት ከዚያ የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። ስለዚህ ጣና የጠለቀ እንግዳ ካላችሁ የዚያን ቀን አትሸኙት፤ ዓሣ አብሉትና ባሕር ዳር ይደር።