የአማተር ሬዲዮ የመስክ ቀን፦ ምንነቱ፣ ጠቀሜታው እና ቅድመ ሁኔታዎቹ

አማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያገኙ ሰዎች ለገቢ ሳይሆን ለግል ትምህርት፣ ለቴክኒክ ምርምር እና ለእርስ በርስ ግንኙነት የሚጠቀሙበት የሬዲዮ አገልግሎት ነው። የአገልግሎቱ ክበባት ከሚያከናውኗቸው ተግባራት አንዱ በተለምዶ «የመስክ ቀን» ተብሎ የሚጠራው የቅዳሜና እሑድ የመስክ ሥራ ነው። ይህ ጽሑፍ የመስክ ቀን ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚካሄድ እና በሀገራችን ለማካሄድ የሚያስብ ክበብም ሆነ ለመጎብኘት የሚፈልግ ዜጋ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያብራራል።

የመስክ ቀን ምንድን ነው?

በመስክ ቀን የክበብ አባላት ከቋሚ ጣቢያቸው ወጥተው በሜዳ ወይም በኮረብታ ላይ ጊዜያዊ ጣቢያ ይተክላሉ። የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያገኙት ከባትሪ፣ ከሶላር ወይም ከጄኔሬተር ነው። አንቴናው በዛፍ ወይም በምሰሶ ላይ የሚዘረጋ ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ለሚሠራ ጣቢያ 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሽቦ መሐሉ ላይ ተከፍሎ ያገለግላል። ግንኙነቱ በድምፅ፣ በሞርስ ኮድ ወይም በዲጂታል ዘዴ ይካሄዳል።

በስፋት የሚታወቀው በአሜሪካና በካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ የሚካሄደው ሲሆን፣ በሰኔ ወር አጋማሽ ይውላል። በሀገራችን ሰዓት አቆጣጠር ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ እሑድ እኩለ ሌሊት ገደማ ይጠናቀቃል። በሌላ ክፍለ ዓለም የሚገኙ ጣቢያዎች ከተሳታፊዎቹ ጋር መገናኘት ቢችሉም ለውድድሩ ውጤት ማስገባት አይችሉም። ኢትዮጵያ የምትገኝበት ክፍለ ዓለም የራሱ የመስክ ቀናት አሉት።

ጠቀሜታው

የስልክ አገልግሎት በማማዎች፣ በፋይበር መስመር እና በኤሌክትሪክ ኃይል ላይ የተመሠረተ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም ጎርፍ ከእነዚህ አንዱን ሲያቋርጥ አካባቢው ከግንኙነት ውጭ ሊሆን ይችላል። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ግን ከከባቢ አየር የላይኛው ክፍል ተመልሶ ሩቅ ቦታ ስለሚደርስ በመካከል ማማ አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ መሣሪያ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም፤ በጨለማና በዝናብ አንቴና መትከልን፣ ባትሪን መቆጠብን፣ መልእክትን ሳያዛቡ ማስተላለፍን የለመደ ሰው ያስፈልጋል። የመስክ ቀን ይህን ልምድ አደጋ ሳይደርስ አስቀድሞ ለማካበት ይረዳል። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብም አገሮች አማተር ጣቢያዎች ለአደጋ ጊዜ ግንኙነት እንዲዘጋጁ እንዲፈቅዱ ያበረታታል።

ክበባት ሊያሟሏቸው የሚገቡ ጉዳዮች

• ፈቃድ፦ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲን የመቆጣጠርና ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለቋሚ ጣቢያ የተሰጠ ፈቃድ በመስክ ለመሥራት የሚያስችል መሆኑ አስቀድሞ ከባለሥልጣኑ መረጋገጥ ይኖርበታል።
• መሣሪያ፦ የሬዲዮ መሣሪያ ከውጭ ሀገር ከመግዛት ወይም ከማስገባት በፊት የሚጠየቀውን ፈቃድ ማጣራት ያስፈልጋል።
• የጥሪ ምልክት፦ እያንዳንዱ ጣቢያ በተሰጠው የጥሪ ምልክት ራሱን ይገልጻል። ለኢትዮጵያ ከተመደቡት መነሻ ፊደላት አንዱ «ኢቲ» ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የክበብ ጣቢያ «ኢቲ3ኤኤ» በሚለው ይታወቃል።
• የመልእክት ይዘት፦ ትርጉሙን ለመደበቅ በምስጢር የተለወጠ መልእክት ማስተላለፍ የተከለከለ ነው። ለሦስተኛ ወገን ዓለም አቀፍ መልእክት ማስተላለፍ የሚቻለውም በአደጋ ጊዜ ወይም ለአደጋ ዕርዳታ ነው።
• ቦታ፦ የመሬቱ ባለይዞታና የአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ አስቀድሞ መገኘት አለበት።
• ደኅንነት፦ አንቴና ከኤሌክትሪክ መስመር ርቆ መተከል አለበት። ሰኔ የክረምት መግቢያ በመሆኑ ነጎድጓድ ሲሰማ ሥራ ማቆም፣ አንቴናውን ከመሣሪያው መንቀልና ከምሰሶው መራቅ ይገባል።

ለጎብኚዎች

ጎብኚዎች ሥራውን ለመመልከትና ለመጠየቅ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። በማይክሮፎን መናገር የሚችሉት ግን ደንቡ በሚፈቅደው መጠን፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አጠገባቸው ሆኖ ጣቢያውን ሲቆጣጠር ብቻ ነው። አማተር ሬዲዮ የመደበኛ የድንገተኛ አደጋ ጥሪ ምትክ ስላልሆነ፣ ስልክ በሚሠራበት ቦታ አደጋ ያጋጠመው ሰው በቅድሚያ ለሚመለከተው የአደጋ ጊዜ አገልግሎት መደወል ይጠበቅበታል።

ፈቃድን የሚመለከት ጥያቄ ያላቸው ተገልጋዮች መሣሪያ ከመግዛታቸው በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን እንዲጠይቁ ይመከራል።