ቫይረስ ሕዋስን ወደ ካንሰር የሚለውጥበት መንገድና የማህፀን በር ካንሰርን መከላከል

በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የሚያድጉ ጤናማ የእንስሳት ሕዋሳት የሳህኑን ወለል ሸፍነው እርስ በርስ ሲነካኩ መባዛታቸውን ያቆማሉ፤ የሚጣበቁበት ወለል ካጡም አያድጉም። ካንሰር አምጪ ቫይረስ የለወጣቸው ሕዋሳት ግን ይህን ሥርዓት ይጥሳሉ። አንዱ በሌላው ላይ ይከመራል፤ ወለል ሳይዙ በለስላሳ አጋር ውስጥም ይራባሉ። ቴሚንና ሩቢን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1958 የዶሮ ሽል ሕዋሳትን በራውስ ሳርኮማ ቫይረስ በመበከል እነዚህን ክምሮች ቆጥሮ የቫይረሱን መጠን መለካት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ጉዳዩ ለአገራችን የጤና ባለሙያ ቅርብ የሚሆነው በሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤች.ፒ.ቪ.) ምክንያት ነው። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ዋነኞቹ መንስኤዎች የቫይረሱ 16ኛና 18ኛ ዓይነቶች ናቸው። ቫይረሱ በሁለት ፕሮቲኖች ይሠራል። ኢ7 የሕዋስ ክፍፍልን የሚገታውን አር.ቢ. ፕሮቲን ይይዛል። ኢ6 ደግሞ ዲ.ኤን.ኤ.ው የተጎዳ ሕዋስ እንዳይከፋፈል ወይም እንዲሞት የሚያደርገውን ፒ53 ያስፈርሳል። በዚህም የሕዋሱ ሁለት ፍሬኖች ይፈታሉ።

ይሁን እንጂ በቤተ ሙከራ ሁለቱ ፕሮቲኖች የሰውን ሕዋስ ያለገደብ እንዲከፋፈል ቢያደርጉትም ወዲያውኑ ዕጢ አያደርጉትም፤ ተጨማሪ የጂን ለውጦች በጊዜ ሂደት መከማቸት አለባቸው። በሴቶችም ዘንድ አብዛኛው የኤች.ፒ.ቪ. ልክፈት በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። የቀረው ወደ ካንሰር ለማደግ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይወስዳል። ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ባለ ሴቶች ላይ ግን ሂደቱ ይፈጥናል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሊጠቀሙበት የሚገባው ይህን ረጅም ጊዜ ነው። ክትባቱ በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. በ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሯል። ክትባቱ ልክፈትን ይከላከላል እንጂ አስቀድሞ የተለወጠን ሕዋስ አይመልስም፤ ስለዚህ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በፊት መሰጠት ይኖርበታል። ለፋብሪካና ለአበባ እርሻ ሥራ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች በትምህርት ቤት የሚሰጠው ክትባት አምልጧቸው ሊሆን ስለሚችል በጤና ጣቢያ ሲገኙ መጠየቅ ይገባል። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ደግሞ ምልክት ሳይጠበቅ ሊመረመሩ ይገባል። ቅድመ ካንሰር ለውጥ በጊዜ ከተገኘ በጤና ጣቢያ ደረጃ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ሊታከም ይችላል። ደም መፍሰስ እስኪጀምር ከተጠበቀ ግን ቀላሉ ሕክምና አልፎ፣ የሚቀረው ለቀዶ ሕክምና ወይም ለጨረር ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ ይሆናል።