ከጥምቀት ውኃ እስከ ጸሎተ ሃይማኖት

ስለ ክርስትና ማጥናት ለሚጀምር ተማሪ በመጀመሪያ የሚቀርብለት ብዙ ጊዜ የትምህርት ዝርዝር ነው። እግዚአብሔር በሦስት አካላት አንድ መሆኑ፣ ወልድ ሰው መሆኑ፣ ሞቱና ትንሣኤው፣ የሙታን መነሣት በቅድሚያ ይነገሩታል፤ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ጾምና ጸሎት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። እንዲህ ሲቀርብ ሥርዓቱ ከትምህርቱ የተቀዳ ይመስላል። ታሪኩ ግን በአብዛኛው በተቃራኒው ነው የሄደው። ክርስቲያኖች ማጥመቅና ኅብስት መቁረስ የጀመሩት ስለ ሥላሴ በጉባኤ የተደነገገ ቃል ከመኖሩ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቀድሞ ነው። ትምህርቱ በቃል የተወሰነው አስቀድሞ ይፈጸም ስለነበረው ነገር ጥያቄ ሲነሣ ነው።

ከጥንታዊዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ከክርስቲያኖች ወገን ያልሆነ ሰው የጻፈው ነው። በ112 አካባቢ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዛሬዋ ሰሜን ቱርክ የነበረውን የቢታንያን ግዛት ያስተዳድር የነበረው ሮማዊው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥት ትራጃን ደብዳቤ ላከ። ክርስቲያኖችን መርምሮ ያገኘው ይህ ነበር፤ በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ይሰበሰባሉ፣ ለክርስቶስ ለአምላክ እንደሚዘመር ይዘምራሉ፣ ክፉ ላለማድረግ በመሐላ ይተሳሰራሉ፣ በኋላም ለማዕድ ይገናኛሉ። በዚያው ዘመን ግድም የተዘጋጀችው ዲዳኬ የተባለች አጭር መጽሐፍ ደግሞ ጥምቀት በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ ከተቻለም በሚፈስ ውኃ እንዲፈጸም ታዝዛለች። ውኃው ካልበቃ ሦስት ጊዜ በራስ ላይ ማፍሰስ ይፈቀዳል። ረቡዕና ዓርብ እንዲጾምም ታዝዛለች፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዛሬም የሚጠብቁት ጾም ነው። ሆኖም ሦስቱ ስሞች እርስ በርሳቸው ያላቸውን ግንኙነት አታብራራም። በስማቸው ማጥመቅን ብቻ ታዛለች።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች አይሁድ ነበሩና ከአንዱ እግዚአብሔር በቀር ለማንም እንደማይሰገድ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ይህንን ሳይተዉ ደግሞ ወደ ክርስቶስ ይጸልዩ ነበር። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ የሚጠይቅ ሰው መነሣቱ አይቀርም ነበር።

ለጥያቄው መልስ የሚሆነው ቃል ቅርጹን ያገኘው ከጥምቀት ሥርዓት ነው። ሊጠመቅ የሚፈልግ ሰው ለረጅም ጊዜ ይማራል፤ በዚህ ጊዜ ንዑሰ ክርስቲያን፣ ማለትም ገና በትምህርት ላይ ያለ፣ ይባላል። የሂጶሊጦስ ነው በሚባለው የሥርዓት መጽሐፍ እንደተገለጸው ተጠማቂው ውኃው ውስጥ ቆሞ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል፤ በአብ ታምናለህን፣ በወልድ ታምናለህን፣ በመንፈስ ቅዱስ ታምናለህን። ለእያንዳንዱ "አምናለሁ" ሲል አንድ ጊዜ ይጠመቃል። ከሦስቱ ረጅሙ ስለ ወልድ የሚጠየቀው ነው፤ ከድንግል መወለዱ፣ በጴንጤናዊው ጲላጦስ ዘመን መሰቀሉ፣ በሦስተኛው ቀን መነሣቱና ለፍርድ መምጣቱ በውስጡ አሉ። ጥያቄና መልሱ ወደ አንድ ተከታታይ ንባብ ሲሰበሰብ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ማለትም የእምነት መግለጫ፣ ይሆናል። በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኢየሩሳሌምን የጎበኘችው ኤጌሪያ የተባለች ተጓዥ እንደጻፈችው፣ ጳጳሱ በፋሲካው ጾም ሳምንታት መጀመሪያ ቅዱሳት መጻሕፍትን፣ ቀጥሎ ጸሎተ ሃይማኖትን ያስተምር ነበር። ተጠማቂዎቹም ከበዓሉ በፊት የተማሩትን በቃላቸው ይመልሱለት ነበር።

በ318 ግድም በእስክንድርያ ካህን የነበረው አርዮስ ወልድ ከፍጥረት ሁሉ በላይ ቢሆንም በአብ ፈቃድ የተገኘና ያልነበረበት ጊዜ ያለው ነው ብሎ አስተማረ። አርዮስ መጻሕፍትን ንቆ የተነሣ ሰው አልነበረም። በምሳሌ መጽሐፍ ጥበብ ስለ መፈጠሯ የሚናገረውን፣ በዮሐንስ ወንጌልም አብ ከእኔ ይበልጣል የሚለውን ጠቅሶ የእግዚአብሔርን አንድነት እንደሚጠብቅ ያምን ነበር። የእስክንድርያው አትናቴዎስም ከዚያው መጽሐፍ ይጠቅሳልና ጥቅስ ብቻውን ክርክሩን ሊቋጨው አልቻለም። አትናቴዎስ ከጥቅሱ ጋር ጥምቀትን አነሣ። ወልድ ፍጡር ከሆነ ሰው የሚጠመቀው በከፊል በፍጡር ስም ይሆናል፤ ፍጡር ደግሞ ፍጡርን ከአምላክ ጋር ማዋሐድ አይችልም። ስለዚህ የአርዮስን ቃል የተቀበለ ወይ ጥምቀቱን መለወጥ፣ ወይ ጥምቀቱ የማያድን መሆኑን መቀበል ይኖርበታል።

በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት፣ በትውፊት ሠለስቱ ምዕት የሚባሉት ጳጳሳት ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን ደነገጉ። ባሕርይ አንድ ነገር ምን እንደሆነ የሚገልጽ ቃል ነው፤ አካል ደግሞ ማን እንደሆነ ይገልጻል። በዚህ አነጋገር አብና ወልድ በማንነት ይለያሉ፣ በምንነት አንድ ናቸው። ቃሉ በዚህ መልኩ በመጽሐፍ ቅዱስ ስለማይገኝ አርዮስን የማይደግፉ ብዙዎች እንኳ ከብዷቸው ነበር፤ ክርክሩም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ቀጠለ።

ክርክሩ አክሱምም ደርሷል። ከጉባኤው በኋላ ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባ ሰላማን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው ራሱ አትናቴዎስ ነው። በ356 ግድም የአርዮስን ወገን ይደግፍ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ለአክሱም ንጉሥ ለዒዛናና ለወንድሙ ደብዳቤ ልኮ ፍሬምናጦስ እምነቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ እንዲመለስ ጠየቀ። ከዒዛና የግሪክኛ ጽሑፎች አንዱ የአብን፣ የወልድንና የመንፈስ ቅዱስን ስም ይጠራል። ይህ ሦስትነትን ከጥምቀት ቀመር ጋር በሚስማማ አነጋገር የሚመሰክር የድንጋይ ማስረጃ ነው።

የኒቅያው ቃል ስለ መንፈስ ቅዱስ ከስሙ በቀር ምንም አልጨመረም ነበር። በ375 ግድም ባስልዮስ ዘቂሣርያ ሲጸልይ ምስጋናን ለአብ፣ ከወልድና ከመንፈስ ቅዱስ ጋር በማቅረቡ ተነቀፈ፤ መንፈስ ቅዱስ ከሁለቱ ጋር እኩል መመስገን የለበትም የሚሉ ነበሩና። መልሱን ያቆመው በጥምቀት ላይ ነው፤ በተጠመቅንበት ስም እናምናለን፣ ባመንንበትም እናመሰግናለን የሚል ይዘት አለው። በ381 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 ጳጳሳት ያጸኑት ቃል መንፈስ ቅዱስን የሚገልጸው ከአብና ከወልድ ጋር በሚቀርብለት ስግደትና ምስጋና ነው። በባሕርይ አንድ የሚለው አገላለጽ ስለ እርሱ አልተደገመም። አምልኮው ራሱ ማስረጃ ሆኖ ወደ ድንጋጌው ገባ ማለት ነው፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ይበልጥ ሊጤን የሚገባው ነጥብ ይህ ይመስለኛል።

ክርስቶስን በሚመለከተው ክርክርም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። ምእመናን ማርያምን ወላዲተ አምላክ እያሉ ይጠሯት ነበር። በ428 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ንስጥሮስ መጠሪያው ትክክል አይደለም አለ። የእስክንድርያው ቄርሎስ ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ ቁርባን ነበር፤ ከማርያም የተወለደው አምላክ ካልሆነና የምንቀበለው የተራ ሰው ሥጋ ከሆነ ሕይወት ሊሰጠን አይችልም። በ431 የኤፌሶን ጉባኤ የቄርሎስን ቃል አጸደቀ። በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ ክርስቶስ በአንድ አካል ሁለት ባሕርያት አሉት ሲል ግን ግብፅ፣ ሶርያ፣ አርመንና ኢትዮጵያ የሚወከሉበት ወገን አልተቀበለውም። ይህ ወገን መለኮትና ሥጋ ሳይቀላቀሉና ሳይነጣጠሉ አንድ ባሕርይ ሆነዋል ይላል፤ ተዋሕዶ የሚባለው ይህ ነው። ሁለቱም ወገኖች ቄርሎስ የእኛ ነው ይላሉ፤ ሁለቱም ያጠምቃሉ፣ ሁለቱም ይቆርባሉ። ሥርዓት ተመሳሳይ መሆኑ ብቻ አንድ ትርጉም እንደማይወልድ ከዚህ ይታያል።

በምዕራቡ ዓለም አውግስጢኖስ ከፔላግዮስ ጋር ሲከራከር ሕፃናት ለኃጢአት ስርየት የሚጠመቁ ከሆነ ከአዳም የወረሱት ነገር አለ ብሎ ደመደመ፤ በ418 የካርታጎ ጉባኤም በዚሁ መንገድ ወሰነ። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ግን አቅጣጫው ተለወጠ። በ1525 በዙሪክ ጥቂት ሰዎች ጥምቀት ከማመን በኋላ መምጣት አለበት ብለው በጉልምስናቸው እንደገና ተጠመቁ። እነዚህ ከጥንቱ በተቃራኒ ስለ እምነት ከያዙት ትምህርት ተነሥተው ሥርዓቱን ለወጡ። በ1529 በማርቡርግ የተገናኙት የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪዎቹ ሉተርና ዝዊንግሊም ከ15 ነጥቦች በ14ቱ ሲስማሙ፣ የተለያዩት ክርስቶስ በቁርባን በሚገኝበት ሁኔታ ላይ ነበር። ተሐድሶው ሥርዓትን በመጽሐፍ ሚዛን መመዘን የጀመረ በመሆኑ ከሥርዓት ተነሥቶ መከራከር ለተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት የቀድሞ ክብደቱን አጣ።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት መሠረታዊውን ትምህርት አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ብለው ሲያደራጁ ምሥጢረ ሥላሴን፣ ምሥጢረ ሥጋዌን፣ ምሥጢረ ጥምቀትን፣ ምሥጢረ ቁርባንንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታንን በአንድ ረድፍ አስቀምጠዋል። የሚታመነውና የሚፈጸመው በተለያየ ምዕራፍ አልተከፈሉም። ከታሪኩ አንጻር ይህ አደረጃጀት ከተለመደው ዝርዝር ይልቅ ለእውነታው የቀረበ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የአርዮስን ክርክር ከጥምቀት፣ የንስጥሮስን ከቁርባን ለይቶ ያጠና ተማሪ ሰዎቹ በአንድ ቃል ላይ ያን ያህል የታገሉበትን ምክንያት አያገኘውም።

ይሁንና ሥርዓት ሁልጊዜ ይቀድማል ማለት ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው። ጳውሎስ በ55 ግድም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ክርስቶስ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ለኬፋና ለዐሥራ ሁለቱ መታየቱን፣ እርሱም ራሱ ከሌሎች እንደተቀበለው ይናገራል። ስለዚህ ቃሉ ከደብዳቤው ይቀድማል፤ በእጃችን ካለው ከየትኛውም የሥርዓት መጽሐፍም ይበልጥ ጥንታዊ ነው። ለእሑድ ስብሰባም ሆነ ለጥምቀቱ መነሻው ይህ ምስክርነት ነው፤ ጳውሎስ ጥምቀትን የሚተረጉመው ከክርስቶስ ጋር እንደ መቀበርና እንደ መነሣት አድርጎ ነውና። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ሦስት እርከን አለው። ትንሣኤው በመጀመሪያ ተሰበከ፤ ጥምቀትና ቁርባን ስብከቱን ተሸክመው ትውልድ አሻገሩት፤ ጉባኤዎቹ ደግሞ ሁለቱ ሥርዓቶች ትርጉማቸውን እንዳያጡ የትኛው አነጋገር እንደማይስማማቸው ለዩ።